የኑርዬ ጉድጓድ

(ወሎ ቆላ ውስጥ ሰማዩ ከጨከነ ሦስተኛ ወሩን በያዘበት የሐምሌ ጁምዓ ረፋድ ላይ፣ ይማም ከወረዳ ስብሰባ ሲመለስ መንገድ ላይ በሰማው ወሬ ደንግጦ ወደ ሟች ወንድሙ ወደ ኑርዬ ቤት ሮጠ፤ የኑርዬ ሚስት መሬማ ጓሮ ውስጥ ትልቅ የንፍሮ ጎላ ተጥዶ ሲያይ የአጥሩን እንጨት ይዞ ቆመ።)

ይማም፦ እትዬ መሬማ፣ እባክሽ ጎላውን ከእሳት አውርጂው።

መሬማ፦ ወረዳ ሰላምታ ከለከሉ እንዴ? ሦስት ቀን ሰንብቶ የመጣ ሰው እንደምን ሰነበታችሁ ይላል።

ይማም፦ አሰላሙ አለይኩም። አውርጂው።

መሬማ፦ ወአለይኩም ሰላም። አላወርደውም። ከሱብሂ ጀምሬ ስማግድ ቆይቼ ገና አሁን ነው መፈንዳት የጀመረው። ሰዉ ዋርካው ሥር ተሰብስቧል። ከሶላት በኋላ ስለ ዝናቡ ዱዓ ይደረጋል፣ ከዱዓው በኋላ ሰደቃው ይበላል። ሸህ አወል የሰደቃ እህል ከየት ይመጣል ብለው ሲጨነቁ፣ የኑርዬ የእህል ጉድጓድ አለ አልኳቸው።

ይማም፦ ሳታማክሪኝ?

መሬማ፦ በምን ላማክርህ? አንተ ስልክህን ዘግተህ ይጨበጨብልሃል።

ይማም፦ ጉድጓዱን ከኑርዬ ጋር የቆፈርኩት እኔ ነኝ። በሰባ ሰባት ማግስት፣ ጢሜ እንኳ ሳይበቅል።

መሬማ፦ አፈሩን በቅርጫት እየተሸከምኩ ያወጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ስትቆፍሩት ለክፉ ቀን ብላችሁ ነው። ክፉ ቀን ቀንድ አውጥቶ እስኪመጣ ልጠብቅ? የሚያዝያው ዘር በቅሎ ሳምንት ሳይቆይ ጠወለገ። የተረፈውን ያ አረም፣ አቀንጭራው ጠጣው። ድሮ የሚያዝያው ማሽላ ቢከዳ በግንቦት የሚዘራ ዘንጋዳ ነበረን፣ እሱ ቢከዳ የሐምሌ ጤፍ፣ ጤፉ ቢከዳ ሽምብራ። አንዱ ሲጥለን አንዱ ያነሳን ነበር። ዘንድሮ አንድ ዘር ብቻ ይዘን ገባን፤ እሱ ወደቀ፣ እኛም አብረነው ወደቅን።

ይማም፦ እኔም እሱን ነው የምልሽ። ገና መስከረም አለ፣ ገና ጥቅምት አለ። ዛሬ ጉድጓዱን ከጨረስነው ያኔ ምን እንበላለን?

መሬማ፦ አሁን ወንድምህን መሰልክ። ልክ ነህ፤ ለዚሁ ነው ጥቂት ብቻ ያወጣሁት። ከላይ ከላዩን ቀድቼ አፉን መልሼ መረግሁት።

ይማም፦ ከላዩን?

መሬማ፦ ከላይ ካልተቀዳ ከየት ይቀዳል? ወይስ ወረዳ እህል ከታች ነው የሚቀዳው?

ይማም፦ የተዘጋ ጉድጓድ ትንፋሹ ሰው ይገድላል፣ እትዬ። ሰው ቢሞትብሽስ ኖሮ?

መሬማ፦ ለእኔ ነው የምትነግረኝ? የሚነድ ጭድ በገመድ አወረድን። ሁለቴ ጠፋ። እስኪናፈስ ጠበቅን፣ በሦስተኛው ሳይጠፋ ነደደ። ከዚያ ወገቤን በጠፍር አስረው ቁልቁል ለቀቁኝ፤ በስልሳ ዓመቴ እንደ ባልዲ።

ይማም፦ አንቺ ራስሽ ወረድሽ? ወንድ ጠፍቶ?

መሬማ፦ ወንዱማ ሞዴል ገበሬ ተብሎ ስብሰባ ላይ ነበር።

ይማም፦ ነገር አታምጪ አሁን።

መሬማ፦ እኔ ንፍሮ ነው የያዝኩት፤ ነገሩን ያመጣኸው አንተ ነህ። ዘወር በልልኝ፣ ላማስልበት።

ይማም፦ እህሉ ተበላሽቷል። ውሃ ሰርጎበታል። ሽታውን አትሸችውም?

መሬማ፦ የጉድጓድ እህል ድሮስ መቼ አልሸተተም? አምስት ዓመት መሬት ውስጥ ብትተኛ አንተስ ምን ልትሸት ነው? ይሄ ደግሞ ዘንጋዳ ነው፣ ነቀዝ የማይደፍረው፣ ወፍ ቀምሶ የሚተፋው። ይልቅ የገረመኝ ከወትሮው ይበልጥ መቅላቱ ነው። እንሶስላ የተቀባ ይመስላል።

ይማም፦ ቀላ?

መሬማ፦ ሦስት ውሃ አጠብኩት። ሦስቱም ውሃ ቀልቶ ሄደ። የጉድጓዱ አፈር ነው አልኩ።

ይማም፦ የጉድጓዱ አፈር ጥቁር ነው።

መሬማ፦ እሱስ ጥቁር ነው።

ይማም፦ ያጠብሽበትን ውሃ የት ደፋሽው?

መሬማ፦ ደግሞ የእጣቢ ተቆጣጣሪ ሆንክ? ከአጥሩ ኋላ ነው የደፋሁት። እጄንም አልለቅ ብሎኛል፣ ይኸው እየው።

ይማም፦ ታጠቢ።

መሬማ፦ ታጥቤ እኮ ነው።

ይማም፦ በሳሙና ታጠቢ፣ እትዬ። እለምንሻለሁ።

መሬማ፦ አንተ ሰው ምን ሆነሃል? ፊትህ ላይ አመድ ነስንሰህ የመጣህ ትመስላለህ። ና እስቲ፣ የእናትህ እህል ነው፤ ከሌላው በፊት አንድ ጭልፋ ላቅምስህና ነፍስህ ትመለስ።

ይማም፦ አልበላም።

መሬማ፦ ለምን?

ይማም፦ ጾመኛ ነኝ።

መሬማ፦ ከመቼ ወዲህ? የወረዳው ጫት ጥርስህ መሃል ቁጭ ብሎ እያየሁት?

ይማም፦ አላሰኘኝም በቃ።

መሬማ፦ አገር ሙሉ አሰኝቶት ዋርካ ሥር ተኮልኩሏል፣ አንተን አላሰኘህም። ይማም፣ ቀና በልና እየኝ። የፈራኸው ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ።

ይማም፦ ምኑን ታውቂያለሽ?

መሬማ፦ ማሳህን ነው የፈራኸው።

ይማም፦ ማሳዬ ምን ሆነ?

መሬማ፦ ሰዉ ይሄን ንፍሮ አንዴ ከቀመሰ፣ ይሄ ዘንጋዳ ከእጃችን እንዴት ወጣ ብሎ ይጠይቃል። ሲጠይቅ ማሳህ ወዳለበት ገደሉን ይሻገራል። ገደሉን ከተሻገረ እሾህ አጥረህ የደበቅከውን ያያል። እኔ አይቼዋለሁ።

ይማም፦ መቼ?

መሬማ፦ ማክሰኞ፣ አንተ እንደሄድክ። የጠፋችብኝን ፍየል ፍለጋ ነበር። የወረዳው ምርጥ ዘር ማሽላ ከወገብ አያልፍም ብለህ አይደል የሰበክኸን? ያንተው ቆሞ የሚሄድ ሰው ይሸሽጋል።

ይማም፦ ማዳበሪያው ነው።

መሬማ፦ ማዳበሪያ ያደረገው ሌላው ሰው ሁሉ ማሳው አመድ ሆኗል። ሰዉ ከሩቅ አረንጓዴውን አይቶ ምን እያለ እንደሆነ ታውቃለህ? ይማም ደንቡን ጠብቆ ስለዘራ በቀለለት፣ እኛ ሰነፎች ነን ነው የሚለው። በረሃቡ ላይ ጨምሮ ራሱን ይራገማል። አንተ ትሰማለህ፣ ዝም ትላለህ።

ይማም፦ ዝም አይነቅዝም ብዬ ነው።

መሬማ፦ ዝም አይነቅዝም፤ የዘሩት ግን ይበቅላል። ምንድን ነው የዘራኸው?

ይማም፦ እያወቅሽው።

መሬማ፦ ካንተ አፍ ልስማው።

ይማም፦ ዘንጋዳ።

መሬማ፦ መንደሩ የድሮውን ዘር ፈጭቶ ከበላው ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። ከየት አመጣኸው?

ይማም፦ ካንቺ ምድጃ በላይ ከተሰቀለው ዘለላ።

መሬማ፦ ሱብሃነላህ። ያ ሁሉ ዘለላ ሲጎድልብኝ አይጥ ነው ብዬ እኮ ድመት አስመጣሁ። ሥራ ፈት እያልኩ ስንቴ በመጥረጊያ አባረርኳት።

ይማም፦ አፉ በይኝ።

መሬማ፦ ቆይ፣ ገና አልጨረስኩም። የእኔን መሬት የምታርሰው አንተ ነህ። እኔ መሬት ላይ ምን ዘራህበት?

ይማም፦ ምርጡን።

መሬማ፦ ከእኔ ጣራ ሥር የሰረቅኸውን ላንተ፣ አንተ የፈራኸውን ለእኔ።

ይማም፦ የሰረቅሁት ለእኔ ብዬ ብቻ አይደለም፣ ዘሩ እንዳይጠፋ ብዬም ነው።

መሬማ፦ የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ። ዘሩማ እኔ ጋ መቼ ሊጠፋ ነበር? ያ ዘለላ ከየት የመጣ ነው? በሰባ ሰባት እናታችሁ ስትሞት ከራስጌዋ ካገኘነው ከረጢት ነው። በረሃብ እየሞተች የተንተራሰችውን እህል አልነካችም። ለእናንተ ለልጆቿ ዘር ብላ ነው።

ይማም፦ አትንገሪኝ። እኔ ነኝ ከራሷ ሥር ያወጣሁት።

መሬማ፦ ታዲያ እንዴት አስቻለህ?

ይማም፦ ፈርቼ ነዋ። መጋቢት ላይ ጉንዳኑ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ገደሉ ሲወርድ አየሁት። ነፋሱም ከምሥራቅ ነበር። ያን ጊዜ ድርቅ ሊመጣ ነው፣ ይሄ ዓመት የዘንጋዳ ዓመት ነው አልኩ በሆዴ። ግን በየትኛው አፌ ልናገር? አምና ቤት ለቤት እየዞርኩ የድሮውን ተዉት ያልኩት እኔ። ምስክር ወረቀቱ ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለው የእኔ።

መሬማ፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ይማም፦ ዘሩ ደግሞ መጥፎ አልነበረም እትዬ። አምና ጎተራው ሁሉ ሞልቶ ነበር።

መሬማ፦ ማን መጥፎ ነው አለ? አምና በልቼ አመስግኛለሁ። ክፋቱ ሌላውን ሁሉ አስጥሎ ብቻውን መቅረቱ ነው። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባላል፤ እኛ ግን ከሁለት ዓይናችን አንዱን በእጃችን አውጥተን ጣልነው። አንተ ደግሞ የጣልነውን አንስተህ ለብቻህ አየህበት። እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ይማም፦ ስደቢኝ። እውነትሽን ነው።

መሬማ፦ መስደቡን ለኋላ አቆየዋለሁ። ዛሬ ግን ከዱዓው በኋላ ተነስተህ ይሄንኑ ለሰዉ ትናገራለህ። ያ ማሳ ያንተ ብቻ አይደለም። ለከርሞ ይሄ አገር የሚዘራው ሌላ ዘር የለውም። ሲደርስ ዘለላው ለየቤቱ ይከፈላል።

ይማም፦ እሺ።

መሬማ፦ እሺ ብቻ? ያለ ክርክር?

ይማም፦ እናገራለሁ። ማሳውንም ይውሰዱት። ብቻ ጎላውን አውርጂው።

መሬማ፦ ደግሞ ወደ ጎላው ተመለስክ? ማሳውን ያህል ነገር ሰጥተህ በንፍሮ ትሰስታለህ?

ይማም፦ ሰስቼ አይደለም። ሶላቱ ሊደርስ ነው እትዬ። አውርጂውና ሌላውን እንነጋገራለን።

መሬማ፦ ሰዉ ባዶ ሆዱን ዱዓ አድርጎ ባዶ ሆዱን ይበተን? ዝናቡ ቢዘገይ አላህ ያውቃል፣ ንፍሮው ቢዘገይ ግን እኔ ነኝ የምጠየቀው። ሽማግሎቹ ካለፈው ጁምዓ ወዲህ ቅጠል ቀቅለው ነው የሚያድሩት።

ይማም፦ ቅጠል ይሻላቸዋል።

መሬማ፦ ምን አልክ?

ይማም፦ ምንም።

መሬማ፦ ቅጠል ይሻላቸዋል ነው ያልከው። ቆይ እስቲ ይማም። ምርጡ ዘር በሚያዝያ ሲመጣ ለየአባወራው ነው የታደለው። ሰዉ ድርሻውን ዘራ። የእኔን ድርሻ እኔ መሬት ላይ ዘራኸው። አንተ ዘንጋዳ ከዘራህ ያንተን ድርሻ ምን አደረግኸው?

ይማም፦ መጀመሪያ ጎላውን እናውርደው።

መሬማ፦ ይማም።

ይማም፦ መጣል አቃተኝ።

መሬማ፦ ምኑን?

ይማም፦ እህል ነው እኮ። እናታችን አንዲት ፍሬ ስትወድቅ ጎንበስ ብላ ስማ ነበር የምታነሳት። ገደል ልደፋው ሁለቴ ተሸክሜው ሄጄ ሁለቴ ይዤው ተመለስኩ። ላቃጥለው እሳት አነደድኩ፣ እጄ እምቢ አለኝ። ቤት እንዳላስቀምጠው የግብርና ባለሙያው ሳላስበው ይገባል፣ ለምን አልዘራኸውም ይለኛል።

መሬማ፦ የት አደረግኸው ነው የምልህ።

ይማም፦ አንቺ ልጅሽን አራስ ልትጠይቂ የሄድሽ ሳምንት ነው።

መሬማ፦ እንዳትለኝ።

ይማም፦ ጉድጓዱን ከፈትኩት። የመጣበትን ከረጢት አቃጠልኩና ዘሩን ከላይ አፈሰስኩት። የሚከፈትበት ቀን ሲመጣ የምወርደው እኔ ነኝ፣ የላዩን ገፍፌ አወጣዋለሁ፣ ማንም አያውቅም ብዬ ነው። አንቺ ትወርጃለሽ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩ።

መሬማ፦ ያ ዘር መድኃኒት የተለወሰ ነው።

ይማም፦ አዎ። ምስጥ እንዳይበላው።

መሬማ፦ ባለሙያው ሲያድለን እጃችሁን ሸፍኑ፣ ዶሮ እንዳታስነኩ ያለው።

ይማም፦ እሱ ነው። ቢታጠብም አይለቅም፣ ቢፈላም አይለቅም። ቀለሙን የጨመሩበት ሰው ቀዩን አይቶ እንዲሸሸው ነው።

መሬማ፦ እኛ ደግሞ ከተፈጠርን ጀምሮ ስንበላ የኖርነው ቀዩን ነው።

ይማም፦ ይሄን ስብሰባ ላይ ቁጭ ብዬ እንኳ አላሰብኩትም። መንገድ ላይ ጉድጓዱ ተከፈተ ሲሉኝ ነው የገባኝ።

መሬማ፦ ይሄን ሁሉ ሰዓት ቆመህ ጾመኛ ነኝ፣ ውሃ ሰርጎበታል ትለኛለህ? አንዱ ሕፃን እጁን ቢሰድድስ ኖሮ? ያዝ በዚያ በኩል። ጨርቁን ያዝበትና ያዝ። ቀስ በል፣ እንዳይረጨን።

ይማም፦ ይዣለሁ። አንሺው።

መሬማ፦ እዚህ ጋ። ተወው፣ ይቀመጥ። እሳቱንም በትነው።

ይማም፦ ደጅ አትድፊው። ራሴ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሬ እቀብረዋለሁ። ቀምሰሽዋል?

መሬማ፦ ሰደቃ ዱዓ ሳይደረግበት እኔ ቀምሼ አላውቅም።

ይማም፦ ዋርካው ሥር ያሉትስ?

መሬማ፦ ከዚህ ጎላ አንድ ፍሬ አልወጣም።

ይማም፦ አልሐምዱሊላህ። ያረቢ ተመስገን። አሁን ሄጄ ሁሉንም እነግራቸዋለሁ። ዘሩንም፣ ስርቆቱንም፣ ጉድጓዱንም። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም፤ እኔ ሦስት ወር ሸሽጌው ከረምኩ። ይስደቡኝ፣ ከዕድሩም ከቀየውም ያስወጡኝ። ማንም እስካልተነካ ድረስ የፈለጉትን ያድርጉኝ።

መሬማ፦ ይማም።

ይማም፦ አንቺም አፉ በይኝ እትዬ። ምን ሆንሽ? ለምን ተቀመጥሽ?

መሬማ፦ ከመኪና እንደወረድክ ቤትህ ገብተሃል?

ይማም፦ አልገባሁም። ወሬውን ስሰማ ቀጥታ ወደዚህ ነው የሮጥኩት። ለምን ጠየቅሽኝ?

መሬማ፦ ከጉድጓድ መጀመሪያ የወጣው ቁና የቆፋሪው ነው። ወጉ ነው ብዬ ያንተን ድርሻ ትናንት ሊመሽ ሲል ራሴ ተሸክሜ ለሚስትህ ለዘምዘም ሰጠኋት።

ይማም፦ ለዘምዘም?

መሬማ፦ ልጆቹ ገንፎ ካዩ ሰነበቱ ብላ እጄን ሳመችኝ። ዛሬ ጎላውን ልታማስልልኝ ተቃጥረን ነበር፤ ከአጥሩ ላይ ሁለቴ ጠራኋት፣ አልመለሰችልኝም፣ በራችሁም እስካሁን አልተከፈተም።